በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በልጆቹ ኮምፒውተር አይሠራም፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ርዕስ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ 46 ደርሰዋል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ዶከር የተባለውን፣ ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስኬደውን መሣሪያ እንድጭን መክሮኝ ስለሚሄድ፣ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በተራ ልተርክ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌን አላጠፋሁትም። የሚያኮራ ነገር የለበትም፤ እርሱ ከሌለ ግን የሰዎቹ ቁጣ ከየት እንደ መጣ አይገባም።

የጻፍኩት ይህን ነበር። ለሰፈራችን ዕድር የመዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጃንጎ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ላይ ቆሞ መረጃውን ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። አባላትን ይመዘግባል፣ የወር መዋጮ ይይዛል፣ የዘገየውን ይቀጣል፣ ደረሰኝ ያትማል። ኡቡንቱ 20.04 የተባለው ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) በተጫነበት ላፕቶፔ ላይ ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠርቷል። ሌሎች ዕድሮችም ሲጠይቁኝ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረግሁት፤ ሦስት ወጣቶችም ሊያግዙኝ ፈቃደኛ ሆኑ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ ደግሞ እስራኤል አገር ነታንያ ናት። ኮምፒውተራቸውን እንዲያዘጋጁ ዘጠኝ መስመር መመሪያ ላክሁላቸው፤ ፓይተንን መጫን፣ ፖስትግሬስን መጫን፣ ኮዱን የኮድ ታሪክ በሚይዘው በጊት ማውረድ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን የፓይተን ጥቅሎች በመጫኛው በፒፕ ማስገባት፣ ሠንጠረዦቹን መፍጠር፣ ማስነሣት። የሐዋሳው በዚያው ዕለት ማታ አስነሣው። ሁለቱ ዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ግን አራት ቀን ታገሉ፤ የሚያሳዩኝ ስሕተትም የአንዱ ከሌላዋ አይገጥምም። በዚህ ተበሳጭቼ የዛሬ ወጣት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት እንኳ የተሳነው ለምን እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ጥያቄ ቢመስልም ስሞታ ነበር።

1ኛው ምላሽ የአንዲት ሴት ነው። በትሕትና አመሰገነችኝ፤ ለዕድር የሚጠቅም ሥራ በነጻ መስጠቴን አደነቀች፤ ከዚያ የሁለቱን ስሕተት ሙሉ ቃል ሳልቆርጥና ሳላሳጥር እንድለጥፍ ጠየቀችኝ። እኔም ስሕተቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ማየቱ እንደማይጠቅም መልሼ አመሰገንኳት። ይህን ምላሽ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

2ኛው ምላሽ አጭርና በራሱ የተማመነ ነበር። ነገሩ ከ2013 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መፍትሔ እንዳለው፣ ፓይተኑንም ዳታቤዙንም ከነሊኑክሱ ኮንቴይነር በሚባለው የዶከር እሽግ ውስጥ ብከተው ሦስቱም ልጆች አንድ ዓይነት ነገር እንደሚያስነሡ አስረዳ። ሃያ ያህል ሰው ወደደለት። 3ኛው ግን ለሰፈር ዕድር ፕሮግራም ዶከር ማምጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር መሆኑን ጽፎ፣ ዶከር በዊንዶውስ ላይ ከሥር ሌላ ሊኑክስ ስለሚያስነሣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ እንደሚተነፍስበት አስታወሰ። እርሱ ራሱ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ ለዶከር የሚያስፈልገው የቨርቹዋላይዜሽን ማብሪያ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስነሣትን የሚፈቅደው) የማሽኑ መነሻ ቅንብር በሆነው ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ አገኘው። ባዮሱ ደግሞ በቀድሞው ባለቤት ይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው። ሻጩ ስልኩን አያነሣም። ለአንዲት ማብሪያ ሁለት ሳምንት ተመላልሶ በመጨረሻ ጠጋኝ ቤት ከፍሎ አስከፈተው።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ምላሾች ስለ ኢንተርኔት ተነጋገሩ። ከዚህ የውይይት ክር ሁሉ ለተግባር የሚጠቅመው ይህ ክፍል ይመስለኛል፤ ስለዚህ ልዘግይበት። 4ኛው በስልክ የኢንተርኔት ጥቅል የሚሠራ ተማሪ ነው፤ የዳታቤዙን ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሣበትን እሽግ) ሲያወርድ የሳምንቱ ጥቅል በግማሽ ሌሊት እንዳለቀበት ተናገረ። 5ኛው ይህን ተቀብሎ ሌላ ችግር ጨመረበት። ኢሜጆቹ የሚወርዱበት ዶከር ሐብ ከኅዳር 2020 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ሳይመዘገብ የሚያወርድን ሰው በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በ6 ሰዓት 100 ጊዜ ላይ ገድቦታል፤ በሞባይል ኔትወርክ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ተጋርቶ ስለሚወጣ፣ የማታውቀው ሰው ያወረደው በአንተ ላይ ይቆጠራል። 6ኛው አረመው። በነጻ ሒሳብ ተመዝግቦ የገባ ሰው የሚቆጠርበት በራሱ ሒሳብ እንጂ በአድራሻው አይደለም፤ ቁጥሮቹም ከዚያ ወዲህ ተቀያይረዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን አሥር ሰው አንድን ነገር አሥር ጊዜ ለምን እንደሚያወርድ ነው።

ይህ 6ኛ ሰው በአንድ ማሠልጠኛ ቤት ያስተምራል። የሚያደርጉትን ዘርዝሮ ጻፈ። አንድ ሰው ጥሩ መስመር ካለበት ቦታ ኢሜጁን አንድ ጊዜ ያወርዳል፣ በዶከር የማስቀመጫ ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ይለውጠዋል፣ በፍላሽ ይዞት ይመጣል፤ ሌሎቹ በመጫኛው ትእዛዝ ያለ ኢንተርኔት ያስገቡታል። የፓይተን ጥቅሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ፒፕ ጥቅሎችን ሳይጭን ወደ ፎልደር ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል፤ በኋላም ወደ ኢንተርኔት ሳይወጣ ከዚያ ፎልደር ብቻ እንዲጭን ይነገረዋል። አንድ ነገር ብቻ ያስጠነቅቃል፤ በሊኑክስ የወረደ ጥቅል ለዊንዶውስ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፎልደሩ ለየዓይነቱ ይለይ። ጊትም ቢሆን የኮዱን ታሪክ ሁሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ የሚያወጣበት ባንድል የሚባል መንገድ አለው፤ ከዚያ ፋይል ልክ ከኢንተርኔት እንደሚወሰደው ኮዱን መቅዳት ይቻላል። ተማሪዎቹ ፍላሿን ማዕድ ብለው ሰይመዋታል።

7ኛው ዶከርንም ሆነ ሊኑክስን ለየብቻ መጫን እንደማያስፈልግ፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን ካስገባ ከ2016 ወዲህ ዓመታት እንዳለፉ፣ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱን ልብ) የሚያስኬደው ሁለተኛው እትም በ2019 ተነግሮ በ2020 ለተጠቃሚ እንደ ደረሰ ጻፈ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ በተለይ ኮዱን በሊኑክሱ ወገን እንጂ በዊንዶውሱ ፎልደር ማስቀመጥ እንደማይገባ፣ በሁለቱ መካከል መመላለሱ ሥራውን እንደሚያንቀረፍፍ የጨመረው።

8ኛው ግን ትዕግሥት አልነበረውም። በዊንዶውስ ፕሮግራም መጻፍ በወንፊት ውኃ መቅዳት መሆኑን፣ ኡቡንቱን መጫን ያልቻለ ሰው ሊያግዘኝም እንደማይችል ጻፈ። 9ኛዋ ምላሽ ሰጪ ነደደች። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የምትጠቀም ሠራተኛ ናት፤ በቢሮዋ ዊንዶውስን የመንቀል ሥልጣን የላትም፤ ደመወዟም ሁለተኛ ኮምፒውተር አይገዛም። ሊኑክስ መያዝን እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ ሰዎች የዕድሩ ጸሐፊ በመጨረሻ ፕሮግራሙን የሚከፍቱት በምን ላይ እንደ ሆነ ጠይቀው እንደሚያውቁ ጠየቀች። ጥያቄዋ ለ8ኛው ቢሆንም እኔን ነካኝ፤ ጸሐፊያችን ዊንዶውስ ነው ያላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ በእኔ ላፕቶፕ ነበር የሚያትሙት።

10ኛው ምላሽ የእኔ ነው። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ኢንተርኔት እንዳልነበረ፣ ሊኑክስን ከሲዲ እየጫንኩ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ እንዳነበብኩ ጻፍኩ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም አንቱ ይለኝ ነበር። ከ11ኛው ምላሽ ጀምሮ አንተ ሆንኩ። የ11ኛው ጸሐፊ ያደግሁበትን ችግር ለሰው ማውረስ ማስተማር እንዳልሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነግሮኝ ሄደ።

12ኛው ተጨማሪ ቃል ሳያባክን ኮዴን ከፍቶ አየ። ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ የጥቅሎቹ ዝርዝር ስም ብቻ ነው እንጂ የእትም ቁጥር የለበትም። በእኔ ኡቡንቱ 20.04 ላይ ያለው ፓይተን 3.8 ነው፤ በእርሱ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ጃንጎ 4.2 ነው። ልጆቹ ግን ዛሬ አዲስ ሲጭኑ አዲስ ፓይተን ያገኛሉ፤ ፒፕም ቁጥር ስላልተሰጠው ጃንጎ 5ን ወይም ከእርሱ በኋላ የወጣውን ያመጣላቸዋል። ጃንጎ 5.0 ደግሞ የሰዓት አያያዙን ነባሪ ቅንብር ለውጧል። በዚያ ላይ ከዝርዝሬ አንዱ አሮጌ ጥቅል ዲስትዩቲልስ የሚባለውን የፓይተን ክፍል ይፈልጋል፤ እርሱ ከፓይተን 3.12 ወጥቷል። ስለዚህ የአዲስ አበባው ልጅ ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ያጠፋው እኔ በቁጥር ባልጻፍኩት ነገር ነው። በአንዲት ትእዛዝ በኮምፒውተሬ ላይ ያሉትን እትሞች ከነቁጥራቸው ማውጣት እችል እንደ ነበር አስታወሰኝ። እችል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ስላልነካው አስፈላጊነቱ አልታየኝም።

13ኛው የሐዋሳው ልጅ ነው፤ እኔ ከሁለቱ ለይቼ ያሞገስኩት። እኔን ለማገዝ የመጣ መስሎኝ ነበር። በዘጠኙ መስመር ብቻ እንዳላስነሣው ተናዘዘ። ከፓይተን ወደ ፖስትግሬስ የሚያገናኘው ጥቅል አልጫንም ሲለው የጎደሉትን ሁለት የኡቡንቱ ጥቅሎች ራሱ ፈልጎ ጨምሯል። የይለፍ ቃሎቹ የተቀመጡበት ፋይል ደግሞ ጊት ውስጥ ስለሌለ በቴሌግራም ጠይቆኝ ልኬለታለሁ። እውነት ነው፤ በታክሲ ውስጥ ሆኜ ልኬለት ረስቼዋለሁ። 14ኛው ወዲያው ያዘው። የይለፍ ቃል ጊት ውስጥ አለማስገባቴን አመስግኖ፣ ባዶ ናሙናውን እንኳ ሳላስቀምጥ ልጆቹን እንዴት ሰነፎች እንዳልኳቸው በምጸት ጠየቀ። አንዳንዱ ምጸት ያስተምራል፤ ይህኛው አበሳጨኝ እንጂ።

15ኛው ለጀማሪዎቹ ፖስትግሬስን ትቼ ምንም መጫን የማይፈልገውን ኤስኪውላይት የተባለ ዳታቤዝ እንድሰጣቸው መከረ፤ 16ኛው ከራሱ ደርሶበት ተቃወመ። ኤስኪውላይት ለአንድ ዓምድ 20 ፊደል ብትመድብለት 60 ፊደል ያለ ተቃውሞ ይቀበላል። የእርሱ ቡድን በኤስኪውላይት እየሠራ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎት ቆይቶ፣ በፖስትግሬስ ያስነሡት ዕለት ስማቸው ከነአያታቸው የተጻፈ አባላት ሁሉ አልገባ አሉ። የሚሠሩበትና የሚሰጡት ዳታቤዝ አንድ ይሁን ነው ምክሩ።

17ኛው መብራት ጠፍቶበት ስለ መጣ ነው መሰል በብስጭት የጀመረው። ጊት ውስጥ ሥራውን እያስገባ ሳለ መብራት ተቋረጠ፤ ላፕቶፑ ባትሪ የለውም፤ ተመልሶ ሲከፍተው ጊት አንድ የታሪክ ቁራጭ ባዶ ፋይል መሆኑን ነገረው። ባዶ የሆኑትን አጥፍቶ ከማዕከሉ መልሶ በመሳብ አዳነው። ፖስትግሬስ በዚያው መቋረጥ ምንም አልሆነም፤ ምክንያቱም ለውጡን ከመፈጸሙ በፊት መጀመሪያ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ሲነሣም ከዚያ ይቀጥላል። ይህ እንግዲህ በር ከፈተ። ከ18 እስከ 20 ያሉት ስለ ባትሪ፣ ስለ ኢንቨርተርና ስለ ላፕቶፕ ዋጋ ነው፤ እዘላቸዋለሁ።

21ኛው የሌላ ዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። መዝገብ መብራት እንደማይፈልግ፣ ፓይተን የሚሉት ነገር ሳይጫንበት ሠላሳ ዓመት እንደ ሠራ፣ ለቀብር ጡሩንባ የሚነፋን ዕድር በኮምፒውተር ማስጨነቁ እንዳልገባቸው ጻፉ። 22ኛው የእርሳቸውን ክብር ጠብቆ፣ የእነርሱን ሰፈር መዝገብ ግን አይጥ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ያለውን በልቶት በመዋጮ ክርክር ሁለት ቤተሰብ ተኳርፎ እንደ ቀረ ነገራቸው። እርሳቸውም የቆርቆሮ ሣጥን መኖሩን አስታውሰው በዚያው ምላሽ ሥር መለሱ።

23ኛው ወደ ጉዳዩ የተመለሰ መስሎ ራቀ። ዊንዶውስ የመስመርን መጨረሻ በሁለት ምልክት፣ ሊኑክስ በአንድ ምልክት እንደሚያሳይ፣ በዊንዶውስ የተቀመጠ የትእዛዝ ፋይል በሊኑክስ ላይ የማይታይ ምልክት ተጣብቆበት እንደሚሰናከል፣ ጊት ውስጥ በአንድ አነስተኛ ፋይል ይህን ለሁሉም መወሰን እንደሚቻል ገለጸ። ሁለቱ ምልክቶች ከአሮጌው የቴሌታይፕ መኪና የወረስናቸው ናቸው፤ አንዱ የጽሕፈቱን ክፍል ወደ መስመር መነሻ ይመልሳል፣ አንዱ ወረቀቱን ከፍ ያደርጋል። 24ኛው ከዚህ ተነሥቶ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ወደ ሠሩት ወደ ኢንጂነር አያና ብሩ ሄደ፤ ፊደላችንን ከማሽን ጋር ለማስማማት የተለፋው ልፋት ገና አለማለቁን ጻፈ። ያን ጊዜ ከርዕስ የወጣ መስሎኝ ነበር።

25ኛው ሁላችንንም ገሠጸ። ሃያ አራት ሰው መድኃኒት ሲያዝ በሽተኛውን ያየ አንድም የለም። 1ኛዋ ሴት የጠየቀችውን ስሕተት ሙሉ ቃል እስካሁን ማንም አላየም። አፍሬ በ26ኛው ሁለቱን ለጠፍኩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት አባባል አላቸው፤ ቻርማፕ የተባለው ፊደል ፈቺ አንድን ባይት (ማሽኑ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበትን፣ በአኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ የላቲን ፊደላት የሚጻፍ ቁራጭ) ሊፈታ አልቻለም። የአዲስ አበባው 9ዲ የተባለውን ባይት በቦታ 14 ላይ ይከሳል። የነታንያዋ 8ኤ የተባለውን ባይት በቦታ 7 ላይ። ባይቱም ቦታውም ስላልገጠመ ነው የተለያዩ ስሕተቶች ያልኳቸው። 27ኛው የልጅቷ ዊንዶውስ የዕብራይስጥ ስለሆነ ጥፋቱ የእርሱ መሆኑን በችኮላ ፈረደ፤ የአዲስ አበባው እንግሊዝኛ መሆኑን ግን ዘነጋ።

28ኛው ምላሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበው ፋይል ምን ብሎ እንደሚጀምር። የወሮቹ ስም ዝርዝር መሆኑን፣ የመጀመሪያው መስመርም መስከረም የሚል መሆኑን መለስኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምላሹን አስተካክሎ ሒሳቡን አስቀመጠው።

ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ፊደልን በባይት በሚያስቀምጠው ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። መስከረም አምስት ፊደል ነው፤ አምስት በሦስት 15 ባይት። ኮምፒውተር ከዜሮ ስለሚቆጥር የመጨረሻው ባይት ቁጥር 14 ነው፤ እርሱም የም ሦስተኛ ባይት ነው፤ ም በሦስት ባይቷ ስትጻፍ ኢ1፣ 88፣ 9ዲ ናት። እንግሊዝኛው ዊንዶውስ ግን ፋይሉ በምን ሥርዓት እንደ ተጻፈ ካልተነገረው በራሱ በዊንዶውስ-1252 ሰንጠረዥ ያነበዋል። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ምንም ፊደል ያልተቀመጠባቸው አምስት ባዶ ወንበሮች አሉ፤ 81፣ 8ዲ፣ 8ኤፍ፣ 90 እና 9ዲ። መ፣ ስ፣ ከ እና ረ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው አለፉ፤ ም ባዶ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል ወደቀች። የዕብራይስጡ ዊንዶውስ የሚያነበው በ1255 ሰንጠረዥ ነው፤ በእርሱ ባዶዎቹ ወንበሮች ይበዛሉ፣ ከእነርሱም አንዱ 8ኤ ነው። ከ በሦስት ባይቷ ኢ1፣ 8ኤ፣ ኤ8 ናት፤ ቦታዋ 6፣ 7 እና 8። ልጅቷ በ7 ላይ ወደቀች። ሁለቱም ልጆች በአንድ ቃል ላይ ነው የተሰናከሉት፤ አንዷ በሦስተኛው ፊደል፣ ሌላው በአምስተኛው። የእኔ ኡቡንቱና የሐዋሳው ልጅ ኡቡንቱ በነባሪነት ዩቲኤፍ-8 ስለሚያነቡ ምንም አላዩም። እኔም በኮዴ ውስጥ ፋይሉን ስከፍት ሥርዓቱን አልጻፍኩም።

ይህን ሳነብ ተነሥቼ ቆምኩ። ከ1999 ጀምሮ ፊደላችን የዓለም ፊደላት በየቁጥራቸው በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ የአማርኛ ፕሮግራም ጽፌ፣ ፋይሉ አማርኛ መሆኑን ለማሽኑ ሳልነግረው ቀርቻለሁ።

29ኛዋ የነታንያዋ ልጅ ናት። አንድ መስመር ሙከራ ሠርታ ዊንዶውሷ ስሕተት እንዳይቆጥር ስታደርገው ፊደሎቹ ሁሉ ቤት በምትባለው የዕብራይስጥ ፊደል የሚጀምሩ ሆነው እንዳየቻቸው ጻፈች፤ ኢ1 በዚያ ሰንጠረዥ ቤት ነውና። 30ኛው ሪያድ የሚኖር ሰው ነው፤ ፕሮግራሙን በዓረብኛ ዊንዶውስ ላይ ሞከረው። ምንም ስሕተት አልወጣም። የዓረብኛው 1256 ሰንጠረዥ ባዶ ወንበር የለውም፤ ሁሉም ቦታ ተይዟል። ፕሮግራሙ በሰላም ተነሣ፣ መዋጮ ተቀበለ፣ ደረሰኝ አተመ፤ ደረሰኙ ላይ ግን የወሩ ስም ላም በምትባለው ፊደል የሚጀምሩ የዓረብኛ ቁርጥራጮች ክምር ሆነ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚከፋ መከራከር ጀመሩ። እኔ የሪያዱ ይከፋል ባይ ነኝ። ሁለቱ ልጆች ቢያንስ መውደቃቸውን ያውቁ ነበር።

31ኛው ነገሩ ጥሞት ሌሎች ቃላትን ይመረምር ያዘ። ፋይሉ በታኅሣሥ ቢጀምር ኖሮ እንግሊዝኛው ዊንዶውስ የመጀመሪያውን መስመር ምንም ሳይል ያልፈው ነበር፤ ከአራቱ ፊደላት አንዱም ባዶ ወንበር አይነካም። በአንጻሩ አራት ነጥብ ያለበት ጽሑፍ ሁሉ ይወድቃል፤ መካከለኛው ባይቷ 8ዲ ነው። የፈ ዘርም እንዲሁ። 32ኛው መድኃኒቱን ጻፈ፤ ፋይል በሚከፈትበት ቦታ ሁሉ የአጻጻፍ ሥርዓቱ (ኢንኮዲንጉ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በኮዱ ውስጥ መጥቀስ። ፓይተን ከ3.7 ጀምሮ ሁሉን በዩቲኤፍ-8 እንዲያነብ የሚያደርግ ማብሪያ አለው፤ ከ3.15 ጀምሮም ያለ ማብሪያ እንዲሁ እንዲሆን ተወስኗል። ማብሪያውን በየሰዉ ኮምፒውተር ከማዞር ኮዱን ማረም ይሻላል። በኮዴ ውስጥ ሰባት ቦታ ነበር። በአሥር ደቂቃ አለቀ።

እዚህ ላይ ሊቆም ይገባው ነበር፤ አልቆመም። 33ኛው የዶከር ወገን ነው፤ የፓይተኑ ኮንቴይነር ዩቲኤፍ-8 ይዞ ስለሚነሣ ከመጀመሪያው ቢሰሙት ይህ ሁሉ እንደማይመጣ ገለጸ። 34ኛው በዚሁ ቃል ተቃወመው፤ ባይመጣ ኖሮ ተደብቆ ይኖር ነበር፣ አንድ ቀን ሪያድ ላይ ደረሰኝ ላይ ይወጣ ነበር። 35ኛው ሊያስታርቅ ሞከረ፤ ዳታቤዙ ብቻ በዶከር፣ ፓይተኑ በኮምፒውተሩ ላይ። 36ኛው የ34ኛውን ትምህርት ደረጃ አነሣ፤ 37ኛው ተሰርዟል። አንብቤው ስለነበር መሰረዙ ተገቢ መሆኑን እመሰክራለሁ። እኔ የ34ኛውን ሐሳብ ወድጄ የ35ኛውን መንገድ በመመሪያው ውስጥ እንደ አማራጭ አስገብቻለሁ፤ ራም ያለው ሰው ይጠቀምበት።

በ38ኛው አንድ ሰው የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት በስሜ ላይ አሳረፈ፤ ልጆቹንም ይቅርታ እንድጠይቅ አሳሰበ። 39ኛው ምላሽ ይቅርታዬ ነው፤ ረጅም ስላልሆነ አልደግመውም። ለ1ኛዋ ሴትም ለብቻ ጽፌያለሁ። የአዲስ አበባው ልጅ በ40ኛው መለሰ፤ ፕሮግራሙ መነሣቱን፣ ቅጣት የሚሰላበት ቦታ ላይ የመደመር ስሕተት ማግኘቱንና ማረሚያውን መላኩን ብቻ ጻፈ። ስለ ይቅርታው አላነሣም።

ከ41 እስከ 45 ያለው ክርክር ጳጉሜ ነው ወይስ ጳጉሜን የሚል ነው። 41ኛው የወሮቹን ፋይል ሲከፍት የመጨረሻው መስመር ን እንደ ጎደለው አየ። 42ኛው ቃሉ ከግሪክኛ ጭማሪ ማለት መሆኑን ገልጾ ን አብሮት እንደ መጣ ተከራከረ፤ 43ኛው ሕዝብ የሚለው ሌላ መሆኑን። 44ኛው ለእኔ ሥራ ሰጠኝ፤ ኀይሉ ተብሎ የተመዘገበን አባል ሃይሉ ብሎ የሚፈልግ ጸሐፊ አያገኘውም። ይህ ትክክል ነው፤ ገና አልሠራሁትም። ለማገዝ የሚፈልግ ካለ በዚህ ይጀምር። 45ኛው በጳጉሜን መዋጮ የሚሰበስብ ዕድር እንዳለ ጠየቀ፤ እኛ አንሰበስብም።

መመሪያው አሁን ዘጠኝ መስመር አይደለም፤ 31 ሆኗል። የጻፈችው የነታንያዋ ልጅ ናት፤ ምንም ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይ ከባዶ እየጫነች፣ እጇ በቆመበት ቦታ ሁሉ አንድ መስመር እየጨመረች። እኔ የጨመርኩት የናሙናውን ፋይል ብቻ ነው።

46ኛው ምላሽ ዛሬ ጠዋት ገብቷል፤ የመዝገብ ወዳጁ ጸሐፊ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ክሩን አንብቦላቸዋል። ፕሮግራሙን ሊሞክሩት ፈቅደዋል፤ 31ዱን መስመር ግን በወረቀት አትሜ በሰው እንድልክላቸው፣ ፊደሉም ትልቅ እንዲሆን ጠይቀዋል።